ከመቃብር በላይ የሚያውለው ማን ነው?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ተረት አብዛኛውን ጊዜ ለምክር ነው የሚጠቀሰው፤ አንተ ሥራህን አሳምር፣ ስምህ የራሱን መንገድ ያውቃል ለማለት። ግማሹን እቀበላለሁ። ስም ከባለቤቱ በኋላ ይኖራል፤ ግን ተሸካሚ ካላገኘ ከቀብር አይመለስም። ሳሌም ሱሄይል ኸሚስን እንይ። ዛሬ ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ አንዷ የሆነችው የራስ አል ኸይማ ፖሊስ ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1971 የኢራን ጦር ታላቋ ቱንብ ደሴት ላይ ሲወርድ ባንዲራውን አላወርድም ብሎ በ20 ዓመቱ ተገደለ። ደሴቷ ዛሬም በኢራን እጅ ናት፤ አስከሬኑም እዚያው ቀረ። ወገኖቹ ሄደው የሚያለቅሱበት መቃብር የላቸውም፤ ያላቸው ስሙ ብቻ ነው። ያ የሞተበት ዕለት በኤምሬትስ በአገር ደረጃ የሰማዕታት መታሰቢያ የሆነው ደግሞ ከ44 ዓመት በኋላ፣ በ2015 ነው። በዚያው ዓመት የኤምሬትስ ወታደሮች የመን ውስጥ ይወድቁ ነበር፤ የቆየውን ስም ያስጠራው አዲሱ ሐዘን ይመስለኛል። በዓመቱ አቡ ዳቢ ውስጥ፣ ከሼክ ዛይድ መስጊድ ፊት ለፊት፣ ዋሃት አል ከራማ የተባለው የሰማዕታት መታሰቢያ ሐውልት ተመረቀ፤ 31 ግዙፍ ሰሌዳዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደግፈው ቆመዋል። የሟቾቹ ስም የተጻፈበት አሉሚኒየም ከብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች የቀለጠ ነው።

«ሥራው ባይኖር ማን ይጽፍለት ነበር?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሥራ ግን ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ አል አይን በሚገኘው የጃሂሊ ምሽግ ዛሬ በስሙ ቋሚ ኤግዚቢሽን ያለው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው፤ አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ተጓዥ። የሩብ አል ኻሊን በረሃ ያቋረጠው ብቻውን አይደለም፤ መንገዱን የሚያውቁ በደዊኖች አብረውት ነበሩ፣ ጥሙንም እኩል ተጠምተዋል። እሱ ግን ብዕርና ካሜራ ነበረው። የእነሱም ስም ለእኛ የደረሰው እሱ ስለጻፈው ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ መንግሥት ስም የሚሸከመው ለራሱ ሲጠቅመው ነው ይባላል። አልክድም። ሳሌም ሲሞት የኤምሬትስ ፌዴሬሽን ገና አልተመሠረተም፤ ሁለት ቀን ይቀረው ነበር። ራስ አል ኸይማ የገባችበትም በፌብሩዋሪ 1972 ነው። የሞተለት ባንዲራ ዛሬ በመታሰቢያው ቀን የሚውለበለበው አይደለም። ይህን የሚያውቅ ሰው ስሙን አገሩ ለራሷ ታሪክ መግቢያ አድርጋ እንደወሰደችው ያያል። ቢሆንም ለዚያ ጥቅም ባይፈለግ ኖሮ፣ መቃብሩ የማይጎበኝ የሃያ ዓመት ፖሊስ ስም ከዘመዶቹ ቤት ርቆ የሚሄድ አይመስለኝም።