ለማይጮኽ ፍጥረት ያለብን ዕዳ

የሰው ጠባይ በደንብ የሚመዘነው ማንም በማያየው ስፍራ፣ አቤት ማለት በማይችል ፍጥረት ላይ ሥልጣን ባገኘ ጊዜ ነው። ይህን አሳብ ለመመርመር አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር እወስዳለሁ፤ ይኸውም በመኝታ ቤት ውስጥ የመስታወት ገንዳ አቁሞ ዓሣ ማኖር፣ ወይም የመስታወት ሣጥን አበጅቶ እንሽላሊትንና ኤሊን ማሳደር ነው። አበው «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንዳሉት፣ ይህን ትንሽ ነገር ብንጎረጉረው ትልቅ ጥያቄ ይወጣዋል። ለዓይናችን ደስታ ብለን ለዘጋንበት ፍጥረት ዕዳችን ምንድን ነው?

የልማዱ ጅማሬ ደግ ጉጉት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1829 ናትናኤል ዋርድ የተባለ የሎንዶን ሐኪም፣ አንድ ነፍሳት ከሽፋኑ ሲወጣ ለማየት ብሎ ከእርጥብ አፈር ጋር በጠርሙስ ከድኖ ቢያስቀምጠው፣ ከአፈሩ ተክል በቅሎ አገኘ። የከተማው ጢስ ይገድለው የነበረ ተክል በመስታወት ውስጥ ለመለመ። በ1853 የሎንዶን የአራዊት መኖሪያ የዓሣ ቤት ከፈተ፤ በ1854ም ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» የሚለውን ስም የመጽሐፉ አርእስት አደረገው። ከዚያ ወዲህ መስታወቱ በየሰው ቤት ገባ።

ነገር ግን ጉጉት ያለ ዕውቀት ይገድላል። ውሃ ጠርቶ ስለታየ ብቻ ንጹሕ ነው አይባልም። ከዓሣው አካል አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በማጣሪያውና በጠጠሩ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ የማይታዩ ሠራተኞች እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እንግዲህ ገንዳውንም ዓሣውንም በአንድ ቀን ገዝቶ የሚያገናኝ ሰው፣ እየወደደው መርዝ ያጠጣዋል ማለት ነው። መታገሥ የማይችል ፍቅር ፍቅር መባሉ ያጠራጥራል።

የእንሽላሊትም ነገር እንዲሁ ነው። እንሽላሊት ሲበርደው ወደ ፀሐይ፣ ሲሞቀው ወደ ጥላ እየሄደ ገላውን ያስተካክላል። በሣጥን ስንዘጋው ይህን ምርጫውን ወሰድንበት። ስለዚህ ዕዳችን የወሰድነውን በተቻለ መጠን መመለስ ነው፤ የሣጥኑ አንዱ ጫፍ ይሙቅ፣ ሌላው ይቀዝቅዝ፣ መደበቂያም ይኑረው። በቀን የሚንቀሳቀሱት ብዙዎቹ ደግሞ አልትራቫዮሌት ጨረር ካላገኙ ቫይታሚን ዲ በገላቸው በሚገባ አይሠራም፤ ካልሲየም ያንሳቸውና አጥንታቸው ይለሰልሳል፣ ይጣመማል። የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር አብዛኛውን ስለሚያስቀር፣ በመስኮት በኩል የሚገባ ብርሃን አይበቃቸውም።

መኝታ ቤት የራሱ ሕግ አለው። 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ይመዝናልና ደካማ ጠረጴዛ አይሸከመውም። ዓሣ የዓይን ሽፋን የለውም፤ አንተ መብራት አብርተህ ብታመሽ እርሱ ዓይኑን ሊከድን አይችልም። ተሳቢ እንስሳ የነካ እጅም በሳሙና ይታጠብ፤ አሜሪካ በ1975 ከ4 ኢንች ያነሱ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው ሳልሞኔላ ሕፃናትን ስላሳመመ ነው።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በአዲስ አበባ በመኝታ ቤቱ ዓሣ ያኖራል። መብራት ጠፍቶ አየር የሚያስገባው መሣሪያ ሲቆም፣ ሌሊት ተነሥቶ ውሃውን በጣሳ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያፈስሰዋል። ስለምን እንደሚደክም ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እርሱ መጮኽ ስለማይችል እኔ መንቃት አለብኝ» አለኝ። ብዙ ዘመን ስለ ኀላፊነት አስተምሬአለሁ፤ ከዚህ የሚያጥር ትርጓሜ ግን አልሰጠሁም።

«እንግዲያውስ ጨርሶ አለማኖር አይሻልምን?» የሚል ይኖራል። ከዱር ተይዞ የመጣውን በተመለከተ እኔም አለመግዛት ይሻላል እላለሁ። በሰው እጅ ተፈልፍሎ ያደገው ግን ዱርን አያውቅም፤ እርሱን አውጥቶ መጣል ምሕረት አይደለም። የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ የሆነችው ጆሮዋ አካባቢ ቀይ መስመር ያላት ኤሊ በትንሽነቷ ተገዝታ፣ ስታድግ በአውሮጳ ወንዞችና ኩሬዎች ተጣለች፤ የአገሩንም ኤሊዎች ምግብና ስፍራ ተሻማች። የአውሮጳ ኅብረት በ1997 እንዳትገባ የከለከላት ስለዚህ ነው። ያልታሰበበት ፍቅር መጨረሻው ለሌላው መከራ ይሆናል።

ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ከመግዛትህ በፊት ዘመኑን ቁጠር። በደንብ የተያዘ ወርቃማ ዓሣ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል፤ ነብርማ ጌኮ የሚባለው እንሽላሊትም 15 እና 20 ዓመት ሊደርስ ይችላል። አንተ ለትምህርት ወይም ለሥራ ስትሄድ ማን ይጠብቀዋል? ለዚህ መልስ ከሌለህ ገንዘብህን አቆይ፤ መተውም አንድ ደግነት ነው። መልስ ካለህ ግን በደስታ ጀምር። ነገ ልጅ ታሳድጋለህ፣ ሠራተኛ ታዝዛለህ፣ ምናልባትም በሰው ላይ ትፈርዳለህ። በዚያን ጊዜም ከእጅህ በታች ካሉት መካከል ድምፃቸው የማይሰማ ይኖራሉ። እነርሱን ለመስማት ጆሮህን ከአሁኑ አስለምደው።