ይውረዱና ይጫወቱ

ልጄ፣ እስቲ አረፍ በይና ጥቂት ላነጋግርሽ። ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ። ማታ ደክሞሽ አራተኛ ፎቅ ድረስ ትወጫለሽ። እራቱ ገና አልተሠራም፣ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ስልክሽን ትሰጫቸዋለሽ። ወዲያው ቤቱ ጸጥ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ጸጥታ ነው።

ትንሹን «አርፈህ ተቀመጥ፣ ትወድቃለህ» ስትዪው እሰማለሁ። ይውደቅ፣ ልጄ። የተላጠ ጉልበት ታጥቦ ይድናል። መቀመጥ የለመደ ልጅ ግን ሲያድግም መቀመጥን ይመርጣል። ደረጃ ሲወጣ ቶሎ ይደክመዋል፣ ክብደቱ ይጨምራል፣ ማታም እንቅልፍ እንቢ ይለዋል። ዓይኑንም አስቢለት፤ ውጪ በቀን ብርሃን የሚጫወት ልጅ ሩቁን ለማየት የመቸገር ዕድሉ ይቀንሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽን ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ ይመክራል። ብዙ መሰለሽ? አባሮሽ የያዘ ልጅ ሰዓቱ ማለፉን እንኳ አያውቅም። በአንድ ጊዜ ይሁን ያለም የለም። ከትምህርት ቤት በእግር ፈጠን ብሎ መምጣቱም ይቆጠራል።

ገንዘብም አይጠይቅሽም። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ይሥሩ፤ በአንድ እግር መዝለል ሚዛን መጠበቅን ያስተምራል። ድብብቆሽ ይጫወቱ። ያረጀ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቀሽ ብትሰፊላቸው ኳስ ይሆናል። ልብስ ይቆሽሻል፣ አዎ። ይቆሽሽ።

አሁን ስለ ሴቷ ልጅሽ ልንገርሽ፤ ይህን ደህና አድርገሽ ስሚኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወንድሟ ተፈቅዶለት ሲወርድ እሷ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ዕቃ ታጥባለች። ሥራ መልመዷን አልጠላሁትም። ግን ሁለቱም ይሥሩ፣ ሁለቱም ይጫወቱ። አጥንት የሚደረጀው በልጅነትና በጉርምስና ነው፤ መዝለልና መሮጥ ያጠነክረዋል። ያው ድርጅት እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ይሁን ይላል። ሴት ስታረጅ ደግሞ አጥንቷ ከወንድ ይልቅ ይሳሳል። ዛሬ ገመድ ስትዘልል ለእርጅናዋ ስንቅ እየያዘች ነው። «ትልቅ ሴት ሆነሻል፣ አትዝለይ» የሚላት ሰው ቢኖር አንቺ «ተዋት» በይልኝ።

ቦታ የለም ትዪኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው፣ ግቢውን መኪና ሞልቶታል። በ2011 ዓ.ም. ጎዳናው ለጥቂት ሰዓት ለመኪና የሚዘጋበት «መንገድ ለሰው» ሲጀመር በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ልጆች ሲሮጡ አይተሻል። ለጥቂት ሰዓት መኪና ገለል ሲል ቦታ ይገኛል ማለት ነው። የኮንዶሚኒየሙን ኮሚቴ አነጋግሪ። ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት አንዷ ጥግ መኪና ባይቆምባት ማንም አይጎዳም። ብቻሽን ከሄድሽ ሊያዘገዩሽ ይችላሉ፣ ሌሎቹን እናቶችና አባቶች ይዘሽ ሂጂ።

ከታች ያለችው ጎረቤትሽም እንደ አንቺው የልጆቿ ነገር ያሳስባታል። ቅዳሜ አንቺ የሁለታችሁንም ልጆች ጠብቂ፣ እሑድ እሷ ትጠብቅ። ዛሬውኑ ወርደሽ አንኳኪላት።