ንባቡና ትርጓሜው

መምህር ደቀ መዝሙሩን መውደዱ ለትምህርቱ መሠረት ነውን፥ ወይስ ትምህርቱ በራሱ ጸንቶ ቆሞ ሳለ ፍቅሩ እንደ ጌጥ የሚታከልበት ነገር ነው? ፊደል የሚቆጥር ሕፃን በፍቅርም ቢያስተምሩት በበትር፥ ሀ ያው ሀ ናት የሚል ሰው ይህን ጥያቄ ከቁም ነገር ሳይቆጥር ያልፈዋል። አባቶቻችን ለሕፃናት የሠሩትን የንባብ ቤት ሥርዓት አስተውሎ ለተመለከተ ግን መልሱ በዚያው ሥርዓት ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል።

ሕፃኑ 33ቱን ፊደላት ከነ7 ድምፃቸው፥ በጠቅላላው 231ዱን በስንደዶ እየነካ ከቆጠረና አቡጊዳውን ከለየ በኋላ፥ ወንጌለ ዮሐንስና ዳዊት ሳይደርሱ አስቀድሞ ለንባብ የሚሰጠው መልእክተ ዮሐንስ ነው። ይህንንም በግእዝ፥ በውርድና በቁም ንባብ እየተመላለሰ ያጠናዋል እንጂ ምሥጢሩን አያውቀውም፤ ቋንቋው ግእዝ ነውና፥ ትርጓሜውንም የሚሰማው ብዙ ዘመን ደክሞ መጽሐፍ ቤት ለመግባት የታደለ ብቻ ነውና። ለዚያ የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ዳዊት ደግመው ወደ እርሻቸውና ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እንግዲህ እግዚአብሔር ፍቅር እንደ ሆነ፥ የሚያየውን ወንድሙን ሳይወድ የማያየውን አምላክ እወዳለሁ የሚልም ሐሰተኛ እንደ ሆነ የሚያስተምረው ይህ መልእክት፥ ቃሉን ለማያስተውል ሕፃን መሰጠቱ ከንቱ ድካም ነበርን?

ከንቱ አልነበረም፤ ሕፃኑ ከመጽሐፉ ያላገኘው ትርጓሜ በፊቱ ተቀምጦለታልና፤ ይኸውም የኔታ ናቸው።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር፥ ከዛፍ ጥላ ሥር፥ አንዱ ሀ ሁ ሲል፥ አንዱ መልእክት ሲያነብ፥ ሌላው ዳዊት ሲደግም፥ ድምፁ ሁሉ ተቀላቅሎ ለመንገደኛ ሁካታ ይመስለዋል። የኔታ ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው፥ ዓይናቸውን ጨፍነው ያንቀላፉ መስለው ሳሉ፥ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል ተነሽ የሚነበበውን ጥሎ ያነበበውን ልጅ ለይተው፥ በስሙ ጠርተው፥ «መልሰህ በል» ይሉታል። የፊት ጥርሱ የወለቀ ሕፃን ሰን በፉጨት ሲያወጣት ጓደኞቹ ቢስቁበት፥ «ተዉት፤ ጥርሱ ሲበቅል ፊደሉም አብሮ ይበቅላል» ብለው ወደሚቀጥለው ያሳልፉታል። በገበታው ላይ ያንቀላፋውን ታናሽ በጋቢያቸው ጫፍ ይሸፍኑታል፤ የእናቱ ናፍቆት ላስለቀሰውም ከጎጇቸው የገብስ ቆሎ ዘግነው ያስይዙታል።

እነዚህ ነገሮች እጅግ ጥቃቅን ናቸው፤ ነገር ግን ፍቅር ለሰው ልጅ ሁሉ በጅምላ ሲታደል ስም ብቻ ሆኖ ይቀራልና፥ እውነተኛነቱ የሚታወቀው ይህን አንዱን ልጅ ከነፉጨቱና ከነእንቅልፉ ሲቀበል ነው። ወንጌላዊው ማርቆስም ጌታችን ሕፃናቱን የከለከሉትን ደቀ መዛሙርት መቆጣቱንና መገሠጹን በጻፈ ጊዜ፥ ለአዋቂዎቹ የተናገረውን ቃል ሲያስቀምጥ ለሕፃናቱ የተናገረውን አላስቀመጠም፤ ማቀፉን፥ እጁን መጫኑንና መባረኩን ብቻ ጻፈ። ለእነርሱ ትምህርቱ ያ ነበረና።

ይህ ፍቅር መምህሩንም ከመሰልቸት ያድነዋል። ያንኑ ሀ ሁ በየዓመቱ ለአዲስ ሕፃን መላልሶ መናገር ልብን የሚያደክም ሥራ ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ5ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ገደማ፥ ማስተማር ለሰለቸው ለአንድ የካርታጎ ዲያቆን ሲጽፍለት፥ የለመድናትን ውብ ከተማ አይቷት ለማያውቅ ወዳጅ ስናሳይ በእርሱ ደስታ ለእኛም እንደምትታደስልን፥ ተማሪውን በወንድም፥ በአባትና በእናት ፍቅር የተቀላቀለ መምህርም የለመደው ትምህርት ይታደስለታል ብሎ አስረድቶታል።

ምናልባት አንድ ሰው፥ ሰሎሞን ልጁን የሚወድ አባት ተግሣጽን እንዳይነሣው ማስተማሩን አንሥቶ ይከራከር ይሆናል። ተግሣጽን የሚነቅፍ የለም፤ የኔታም የተሳተውን ንባብ ሳያስመልሱ አያልፉም። ነገር ግን በንባብ ቤቶቻችን አለንጋው ከትዕግሥቱ ቀድሞ የተነሣበት፥ ሕፃኑም ከፊደል ጋር ፍርሃትን የተማረበት ጊዜ እንደ ነበረ መካድ አይገባንም። ሕፃን ቁጣውን ከተግሣጹ መለየት ያውቅበታል፤ ስለ ስሕተቱ የተገሠጸ ስሕተቱን ያርማል፥ መምህሩ ስለ ተበሳጨ የተመታ ግን ስለ ፍቅር የሚናገረውን መልእክት በአፉ እያነበበ፥ የዚያን ተቃራኒ በጀርባው ይተረጉማል።

ሐዋርያው ያዕቆብ መምህራን የባሰ ፍርድ እንደሚጠብቃቸው ሲያስጠነቅቅ፥ ነገሩ የሃይማኖት ምሥጢር ለሚያፋልሱ ሊቃውንት ብቻ የተነገረ ይመስለናል። ፊደል አስቆጣሪው ግን ምሥጢር ሳያስተምር ይተረጉማል፤ በዛሬው ትምህርት ቤት በጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚቆመውም እንዲሁ ነው። መጽሐፍ ቤት የገባ ሊቅ አንድ ትርጓሜ ቢሳሳት ሌላው ሊቅ ያርመዋል፤ ዳዊት ደግሞ ወደ እርሻው የተመለሰው ልጅ ግን የተሳሳተውን ትርጓሜ የሚያቃናለት ሁለተኛ መምህር ምናልባት ከቶ አያገኝም።