ሲሮ ደ ኳድሮስ ማንን አከሙ?

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት አልጋ ዳር ስለሆነ ምስጋና ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ቁስሉን ያጠብኩለት ገበሬ ከወራት በኋላ እንቁላል በገለባ ጠቅልሎ ይመጣል፤ እናቱ ጉልበቴን ልትስም ትጎነበሳለች። የንስሐ አባቴ ምሕረት ማለት ይኸው ነው ይላሉ፤ ፊት ለፊት፣ ሰው ለሰው።

ታዲያ ብራዚላዊውን ሐኪም ሲሮ ደ ኳድሮስን ባነሣሁ ቁጥር እንከራከራለን። እሳቸው ሕክምና ተምረው አልጋ ዳር አልቆዩም። በ1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ አገራችን ሲጀመር ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር መጡ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ በሽተኛ ተመዘገበ። ሁሉን ለመከተብ መንገዱም ሰዉም ስላልነበረ፣ ሥራው በሽተኛውን ማሰስና በዙሪያው ያሉትን መከተብ ሆነ። ሠራተኞቹ ፊቱን ፈንጣጣ የሸፈነው ሕፃን ፎቶ ያለበት ካርድ ይዘው ገበያ ለገበያ ይዞራሉ፤ «እንዲህ ያለ አይታችኋል?» ከተገኘ፣ ባለ ሁለት ጫፏን መርፌ ክትባቱ ውስጥ ነክሮ ክንድ ላይ 15 ጊዜ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው። ጠባሳው እኔም ክንድ ላይ አለ፤ የወጋኝን ሰው ስም አላውቅም።

ሕዝቡ «የእግዜር ቁጣ ነው» ብሎ እምቢ አለ ሲባል እሰማለሁ። እምቢታውስ ነበረ። ግን ከታመመ ሰው ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በጥተው የሚያስገቡ አዋቂዎች በየገጠሩ ከጥንትም ነበሩ። አደገኛ ነው፣ በሽታውንም ያዛምት ነበር፤ ቢሆንም እጁን አጣጥፎ ቁጣ የሚጠብቅ ሕዝብ ይህን አያደርግም።

የአባ ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። «ያልታመመውን ሰው እሳቸው አያውቁት፣ እሱ አያውቃቸው። እንግዲህ የወደዱት ማንን ነው ልጄ?» እኔ በስውር የሚሰጠውን ምጽዋት እጠቅስባቸዋለሁ። «እሱንም ቢሆን የሚቀበል እጅ አለው፤ የእናንተው ግን ቁጥር ነው» ይሉኛል። ይህ ይዋጥልኛል፤ ሕፃን ሁሉ መቶኛ ሆኖ የሚቀርብበት ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁና።

ይሁንና ዘመቻው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቁጥሩ መልሶ ሰው ይሆናል። ነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሃ፣ ዲሞ በምትባል መንደር የተገኘችው የአገራችን የመጨረሻ የፈንጣጣ በሽተኛ ትንሽ ልጅ ነበረች። ደ ኳድሮስ ከእኛ ዘንድ ሄደው በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ የልጅነት ልምሻን፣ ፖሊዮን፣ የማጥፋቱን ሥራ መሩ። በዚያ ክፍለ ዓለም በተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ የታመመው የመጨረሻው ሰው በ1991 እ.ኤ.አ. በፔሩ፣ ፒቻናኪ ተገኘ። እሱም ሕፃን ነው፤ እግሩ ሽባ ሆኗል።

አባ ይህችን ያዙብኝ። «ለእሱስ ዘገዩበት» አሉ። እውነት ነው። ለእሱ የሚሆነው የእኔ ዓይነት ሰው ነው፤ እግሩን የሚያሸው፣ ክራንች የሚያስተካክልለት። ከእሱ በኋላ ለተወለዱት ግን የእኔ ዓይነት ሰው ቢሰለፍ ምን ያደርግላቸዋል? አልመለሱልኝም። በሚቀጥለው ሰንበቴ ይዘውት መምጣታቸው አይቀርም።