ትምህርት ደመወዝ ይሆናል ወይ?

ከእኛ ቀድመው በሕግ ተመርቀው በጠበቃ ቢሮ ረዳት የሆኑ ጓደኞቻችን ሲመሽም ሲነጋም ከመዝገብ አይለዩም። አቤቱታ ያረቃሉ፣ የሰበር ውሳኔ ያገላብጣሉ፣ ፍርድ ቤት ሄደው ቀጠሮ ያያሉ። እንደሚነግሩን ደመወዙ ከቤት ኪራይ አያልፍም። ለምን ሲሉ መልሱ አንድ ነው፦ «እየተማርክ እኮ ነው! እኛም በዚሁ ነው ያለፍነው።»

ለመሆኑ ትምህርት ደመወዝ ይሆናል ወይ? ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ ደመወዝ ግን አይጠይቅም። ይህንንም ግፍ ነው ያለ የለም። ታዲያ ረዳቱ ከቆሎ ተማሪው በምን ይለያል?

በዚህ ይለያል እንላለን። የኔታ ተማሪው የተቀኘውን ቅኔ ገበያ አውጥተው አልሸጡም። ረዳቱ ሌሊት ያረቀቀው አቤቱታ ግን ጠዋት በአለቃው ስም ይፈረማል፤ ደንበኛውም ይከፍልበታል። ፍሬው የተሸጠ ሥራ፣ ትምህርት ቢኖርበትም፣ ሥራ ነው። ዕውቀት ሲሰጡት ስጦታ ነው፤ ከደመወዝ ላይ ሲቀንሱት ግን ንግድ ይሆናል።

«እኛም በዚሁ ነው ያለፍነው» የሚለውስ? መከራ የቀመሰ ሰው ሊያዝን ይገባዋል እንጂ መከራውን እንደ ርስት አያወርስም። ገና የጀመረ ጠበቃ አቅም ላይኖረው ይችላል፤ እውነት ነው። አቅም ከሌለው ግን የሚጠይቀውን ሰዓት ይቀንስ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገታዋል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም ቢያንስ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሆን ያዛል። ይህንን አንቀጽ ለፋብሪካ ሠራተኛ ቆሞ የሚጠቅሰው ማን ነው? ያው ጠበቃው አይደለም እንዴ?

በአገራችን «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር። ረዳቱ ይህንን ቃል ለማን ይበል? ከሳሽ እንዳይሆን የሥራ ልምድ ደብዳቤው በአለቃው እጅ ነው። ዝም ይላል። ዝምታው ግን ስምምነት ተብሎ ይቆጠርበታል። ሕግን የሚያውቅ ሰው ሕግ የሚጠየቀው በሌላው ቤት ብቻ ነው ካለ፣ ዕውቀቱ የእንጀራ መጋገሪያ ምጣድ ሆነ እንጂ ፍትሕ አልሆነም።

የሕግ ተማሪ የሆንህ አንባቢ፣ የሕግ ተማሪ የሆንሽ አንባቢ፣ ነገ ስማችሁ በቢሮ በር ላይ ይጻፍ ይሆናል። ያን ጊዜ ከበሩ ወዲያ የሚያመሸውን ልጅ ስንት ሰዓት እንደገባ ጠይቁት፤ የሠራበትንም ክፈሉት።