የገባዖን ሰዎች በኢሜይል መጡ

የሳምንቱ ንባብ፦ መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9፤ መጽሐፈ ነህምያ 7፥1-3



የዛሬው ጽሑፍ እንደ ወትሮው አይደለም። ስብከትም ነው፣ ይቅርታ መጠየቂያም ነው። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ማንበብ ለሚቸግራቸው እናቶችና አባቶችም አንብቡላቸው።

ባለፈው ወር ሙቭመንት ፓስ አግኝቼ ናይሮቢ ሄጄ ነበር። ይህችን ወረቀት የሚያትሙልን ወገኖች የሚሰበሰቡት ላቪንግተን ውስጥ፣ በኪራይ ግቢ ነው። ላቪንግተንን ያየ ያውቃል፤ አጥሩ ረጅም፣ በአጥሩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በየበሩም አስካሪ። ድሮ የቡና እርሻ ነበር፤ በ1899 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የቅዱስ ኦስቲን ሚሲዮን የካቶሊክ አባቶች ቡና የተከሉበት ምድር ነው። ዛሬ ግን የሚታየው ግንብና አፓርታማ ነው። አስካሪው መታወቂያዬን ተቀብሎ ስሜን፣ ስልኬን፣ የገባሁበትን ሰዓት በደብተር ጻፈ። ቦርሳዬን ፈተሸ፤ መጽሐፍ ቅዱሴን እንኳ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየ። አልተቀየምኩም፣ ሥራው ነው። ቢሮ ስገባ ግን የሁሉም ፊት ጠቁሯል። ለካ ሌባ ገብቷል! በበር አይደለም፣ በአጥርም አይደለም። በኢንተርኔት ገመድ ነው የገባው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቢሮው የምታገለግለው እህታችን አንድ ኢሜይል ይደርሳታል። የላኩት ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ ጋሼ ናቸው፣ አድራሻው የእርሳቸው ነው። «በካምፕ ላሉ ኢትዮጵያውያን የሪሴትልመንት ቃለ መጠይቅ ዝርዝር» ይላል፤ ፋይልም ተያይዟል። እህታችን ሞኝ አይደለችም፣ ጠረጠረች። መልሳ ጻፈች፦ «ጋሼ፣ ይህን የላኩት እርስዎ ነዎት?» መልሱ ወዲያው መጣ፦ «አዎ ልጄ፣ ክፈቺው።» ከፈተችው። ምንም አልታየም። ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ዘጋችው።

ጋሼ ግን ምንም አልላኩም። የኢሜይል ሳጥናቸው ከሳምንታት በፊት ተሰብሮ ሌባው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። «እርስዎ ነዎት?» ብላ የጠየቀችው ሌባውን፣ «አዎ ልጄ» ያላትም ሌባው ነው።

እንግዲህ ኢያሱ 9ን ክፈቱ። የገባዖን ሰዎች ያረጀ ስልቻ በአህያ ጭነው፣ የተቀደደና የተጠቀመ የወይን ጠጅ አቁማዳ ይዘው፣ የተጣፈ ጫማ ተጫምተው፣ የሻገተ እንጀራ ተሸክመው መጡ። ከሩቅ አገር ነን አሉ። ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል ስንሰብክ «እስራኤል ሳይጠረጥሩ ተታለሉ» እንላለን። ልክ አይደለም፤ ቁጥር 7ን አስተውሉት። ጠርጥረዋል፤ ምናልባት በመካከላችን የምትኖሩ ብትሆኑስ ብለው ጠይቀዋል። ችግሩ የጠየቁት ራሳቸውን እንግዶቹን መሆኑ ነው! ቀጥለውም ስንቁን አዩ፣ ሻጋታውን አዩ፣ አመኑ። ወደ እግዚአብሔር ግን አልጠየቁም፤ ቁጥር 14 ጥፋቱን እዚያ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ከሦስት ቀን በኋላ ጎረቤቶች መሆናቸው ተሰማ።

(በነገራችን ላይ የገባዖንን ሰዎች መስደብ አይሆንልኝም። ሞት የፈሩ ሰዎች ነበሩ፤ የኛም ጫማ ድንበር ስንሻገር የተጣፈ ነበር፣ ያውም እውነተኛ መጣፊያ። ኢያሱም ቃሉን አላጠፈባቸውም። እኛ ጋ የመጣው ግን ነፍሱን ሊያተርፍ የመጣ አይደለም።)

በእኛም ላይ ሦስት ቀን አልፈጀም። ከጉባኤዋ ኢሜይል ለሰዉ ሁሉ መልእክት መሄድ ጀመረ፤ ስልኩ በዝርዝሩ ላይ ያለ ደግሞ በዋትሳፕ ደረሰው። «ስምዎ ወጥቷል፣ ለሕክምና ምርመራ በኤምፔሳ ይላኩ» ይላል። ስሙ ከነአባት ስሙ፣ ኬዝ ቁጥሩ ሳይቀር ትክክል ነው። ታዲያ እንዴት አይታመን? ከመካከላችን አንዲት እናት እህታቸው ለመድኃኒት የላከችላቸውን ገንዘብ ላኩ። አልተመለሰም።

ያ ዝርዝር እንዴት እዚያ ኮምፒዩተር ላይ ተገኘ? እኔ ነኝ የላክሁት። ለእርዳታ ማከፋፈያ ተብሎ ስማችሁን፣ ስልካችሁን፣ ኬዝ ቁጥራችሁንና የመጣችሁበትን ወረዳ በአንድ ፋይል ጻፍኩና፣ ሳይበር ቤት ገብቼ፣ ያለ ምንም ፓስወርድ በኢሜይል ላክሁት። ለሳሙናና ለብርድ ልብስ የመጣችሁበት ወረዳ ምን ያደርጋል? ማንም አልጠየቀኝም፤ ቦታ ስለነበረ ሞላሁት። በእናንተ ፊት በደለኛ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ።

አንዳንዶቻችሁ «ድሃ ስደተኛ ምን አለውና ይሰረቃል?» ትላላችሁ። ወገኖቼ፣ ከመካከላችን ያለበት ቦታ አገር ቤት እንዳይታወቅ የሚጸልይ ሰው አለ። በሜሪላንድ የሚኖር፣ ኢትዮጵያ ተወልዶ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ታሪክ ልንገራችሁ። ፍርድ ቤት ስሙን ሰውሮ «ኪዳኔ» እያለ ነው የጠራው። በ2012 እ.ኤ.አ. ኮምፒዩተሩ ላይ ፊንስፓይ የሚባል ሰላይ ፕሮግራም ገባ። ክሱ እንደሚለው የስካይፕ ንግግሩን እየቀዳ፣ የጻፈውን እየገለበጠ፣ ቤተሰቡ ኢንተርኔት ላይ የፈለገውን ሁሉ እየመዘገበ ወደ ኢትዮጵያ ይልክ ነበር። የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በመጋቢት ወር 2017 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ አይደለም ብሎ ክሱን ዘጋው። ልብ በሉ፣ ፕሮግራሙ የገባው በኢሜይል በመጣ ፋይል ነው፤ ያንን ኢሜይል ያስተላለፈለት ደግሞ የሚያውቀው ሰው ነበር። ያ ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የደረሰውን አስተላለፈ፣ በቃ። እኛስ በየቀኑ «ለሌሎችም አስተላልፉ» የሚለውን ሁሉ አናስተላልፍም?

ሁለተኛውን ንባብ እዩ። ነህምያ ቅጥሩን ሠርቶ ሳንቃዎቹን ካቆመ በኋላ በረኞችን፣ መዘምራንንና ሌዋውያንን ሾመ። በረኛው ከመዘምራን ጋር በአንድ መስመር ነው የተጻፈው። እኛ ጋ መዘምራን ሲሾሙ ይጸለይላቸዋል፣ ዩኒፎርም ይሰፋላቸዋል፤ ኮምፒዩተሩን የሚጠብቀውን ልጅ ግን ሲበላሽ ብቻ ነው የምናስታውሰው። ደግሞም ነህምያ ፀሐይ ሞቅ ሳይል በሩ እንዳይከፈት አዘዘ፤ በጨለማ የመጣው ማን እንደሆነ አይለይማ።

ስለዚህ ከላቪንግተን ወገኖች ጋር ተቀምጠን ተስማማን። ዋናው ይህ ነው፦ መልእክት በመጣበት መንገድ አይጠየቅም። ኢሜይል ከመጣ በስልክ ተደውሎ ድምፅ ይሰማል፤ ዋትሳፕ ከመጣ በአካል ተሂዶ ይጠየቃል። ጋሼ ቢቆጡም ይደወልላቸዋል። ስለ ሪሴትልመንት ደግሞ የሚጠየቀው ዩኤን ቢሮ ብቻ ነው፤ የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ሁሉ በነጻ ነው። ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ፣ ስማችሁን ከነአያታችሁ ቢጠራም፣ ሌባ ነው።

ፋይሉን በተመለከተ፣ የዚያን ቀኑ ፋይል ስሙ «ዝርዝር ፒዲኤፍ» ይል ነበር፤ እውነተኛ መጨረሻው ግን «ነጥብ ኢኤክስኢ» ነው፤ ማለትም ወረቀት ሳይሆን ፕሮግራም። ዊንዶውስ ያንን መጨረሻ ሰውሮ ነው የሚያሳየው፤ እንዲገለጥ አድርገነዋል። ፎልደሩን ሁሉ ቀስት ወዳለው ሾርትከት የሚለውጠውን የፍላሽ ቫይረስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከሳይበር የመጣ ፍላሽ ሳይፈተሽ አይሰካም፣ የመዝሙር ፍላሽም ቢሆን። መዝሙር ቫይረስን አያባርርም። የተሰበረ ዊንዶውስና «ነጻ» ተብሎ ከፍላሽ የተጫነ አንቲቫይረስም ይወጣል፤ ሌባን በረኛ ማድረግ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ካልተዘጋና ከታደሰ ለእኛ ይበቃል።

ማደስ ስል፣ ባንድል ይበላል ብለን አፕዴቱን የምንዘጋው እኛው ነን። ግንቦት 12 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ በመቶ ሃምሳ ያህል አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ቤዛ ሲጠይቅ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኛ መለሱ። የሁለት ወር ባንድል ስንት ነው? የሠርግና የጥምቀት መዝገባችንም ከአሁን በኋላ በሌላ ዲስክ ይገለበጣል፤ ዲስኩ ከተገለበጠ በኋላ ተነቅሎ በሽማግሌ ቤት ይቀመጣል፣ ተሰክቶ ከቀረ አብሮ ይቆለፋልና።

እህታችን ስታለቅስ ነበር የደረስኩት። አንድ ነገር ግን በትክክል አድርጋለች፦ እንደነቃች የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅላ፣ ኮምፒዩተሩን ትታ፣ በሌላ ንጹሕ ስልክ ፓስወርዱን ለወጠች፤ ለሁሉም ደውላ «እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለች። ባታፍር ኖሮ ሳይሆን እያፈረች ነው የደወለችው። ብትደብቀው ኖሮ ገንዘብ የሚልኩት እናት አንዲት ብቻ አይሆኑም ነበር።

አዲሱ ዝርዝር ስምና የቤተሰብ ብዛት ብቻ ይኖረዋል፤ ፋይሉም በፓስወርድ ይቆለፋል፣ ፓስወርዱ በኢሜይል አይላክም። በአሮጌው ዝርዝር ላይ የነበራችሁ ሁሉ በዚህ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ከአዳራሹ ጀርባ ኑ። ስለ እያንዳንዳችሁ ምን ምን እንደተጻፈ በወረቀት ይዤ እጠብቃችኋለሁ። ሁሉም የየራሱን መስመር ብቻ ነው የሚያየው።