ጥያቄ ሳትይዙ ማስተርስ አትግቡ

የሆለታ፣ የቡራዩ፣ የሰበታና የሱሉልታ ልጆች፤ በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ወይም በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃችሁ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፋችሁ፣ አሁን ማስተርስ ለመቀጠል የምታስቡ ብዙ ናችሁ። ስንገናኝ «የት ልመዝገብ?» ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ «ምን ልታጠኑ?» ብዬ እመልሳለሁ። እዚህ ላይ አብዛኞቻችሁ ዝም ትላላችሁ። ልመክራችሁ የፈለግሁት በዚሁ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ዲግሪ መምህሩ ጥያቄውንም መልሱንም አስቀድሞ ያውቃል። ማስተርስ ላይ ጥያቄውን የሚያመጣው ተማሪው ነው። ኮርሱ እንደምንም ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ የቴሲስ ነው። ጥያቄ ሳይኖረው የገባ ሰው ያን ጊዜ ርዕስ ሲያድን ይፈጀዋል፤ ሲጨንቀውም የሌላ ሰው ርዕስ አንስቶ የአገር ስም ብቻ ይቀይርበታል። የሚወጣውን ገንዘብ፣ የሚያልፈውን ዕድሜና የቤተሰብን ተስፋ ስታስቡት ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ጥያቄ የሚገኘው ከሥራ ነው፤ የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ሙያ ራሱ የተጀመረው የሥራ ችግር ገፍቶ ስለመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ጀርመን፣ ጋርሚሽ ላይ በኔቶ ጥሪ ባለሙያዎች የተሰበሰቡት ትልልቅ ፕሮግራሞች በጊዜያቸው ስለማይደርሱ፣ ከተያዘላቸው በጀት ስለሚያልፉና ሥራ ላይ ሲውሉ ስለሚበላሹ ነበር። ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይበልጥ እንደሚያዘገየው የጻፈው፣ የአይቢኤምን ትልቅ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራ ሲመራ ካየው ተነሥቶ ነው። እናንተም በየቀኑ የምትጠሩት ሬስት ኤፒአይ የመጣው ሮይ ፊልዲንግ እ.ኤ.አ. በ2000 ካቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ነው። ፊልዲንግ ኤችቲቲፒን ካረቀቁት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ጥያቄውን ያገኘው ከዚያ ሥራ ነው እንጂ ከርዕስ ዝርዝር ላይ መርጦ አይደለም።

ከጋርሚሽ ይልቅ ለእኛ የሚቀርብ ምሳሌም አለ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ብልሽት ተፈጥሮ፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማዘዋወር ቻሉ። ወሬው በስልክ ተዳርሶ በየዩኒቨርሲቲው ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደወጣ ገለጸ፤ አብዛኛውም ኋላ ተመለሰ። ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተሙ ላይ ከተደረገ የማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑም ተነገረ። አገሩ ሁሉ ያወራው ስለ ገንዘቡ ነው። እናንተ ግን የሙያው ልጆች ናችሁና ሌላ ነገር ልትጠይቁ ይገባችኋል። ሥራ ላይ ባለ ሲስተም ላይ ለውጥ ከመግባቱ በፊት በምን ዓይነት ቴስት ማለፍ አለበት? ስሕተት ሲታይ ወደ ነበረበት የሚመልሰው ማን ነው፤ በስንት ደቂቃ? የባንኮቻችን፣ የቴሌብርና የመሥሪያ ቤቶቻችን ባለሙያዎች ይህን ዛሬ እንዴት ነው የሚሠሩት? ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ ሁለት ዓመት የሠራ ተማሪ፣ ሲመረቅ የትኛውም ተቋም የሚፈልገው ሰው ይሆናል። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ማለት ይህ ነው፤ ኮድ መጻፉ ከሥራው አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ በዚህ ዘመን የሚቀርቡት ቴሲሶች ብዙዎቹ ወደ ሌላ መንገድ ሲሄዱ ስለማይ ነው። አንድ ዲፌንስ ላይ ተቀምጬ ነበር። ተማሪው የድንች ቅጠል ፎቶ አይቶ በሽታውን የሚለይ ፕሮግራም ሠርቷል፤ ውጤቱም ከመቶ ዘጠና ምናምን ነው። ከፈታኞቹ አንዱ «ፎቶዎቹን ከየት አመጣሃቸው?» አሉት። ከኢንተርኔት አውርዷቸዋል። «ከእኛ ማሳ የተነሣ አለበት?» የለበትም። «ገበሬው በምን ዓይነት ስልክ ነው የሚያነሣው? ኔትወርክ ከሌለስ?» አላሰበበትም። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ኮዱ ንጹሕ ነው፣ አቀራረቡም ያማረ ነው። ግን ፕሮግራሙን የሚጠቀምበት ሰው በጠቅላላው ጽሑፍ ውስጥ አንድም ቦታ የለም።

ፕላንትቪሌጅ የሚባለው፣ ተማሪው ሁሉ የሚያወርደው የፎቶ ክምችት፣ በአብዛኛው ከተክሉ ተቀንጥሰው ልሙጥ ነገር ላይ ተዘርግተው የተነሡ ቅጠሎችን የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የታወቀ ጥናት በዚያው ክምችት ውስጥ ሲፈተን 99.35 በመቶ አገኘ፤ ከሌላ ቦታ በመጡ ፎቶዎች ሲፈተን ግን ወደ 31 በመቶ ወረደ። አጥኚዎቹ ሁለቱንም ቁጥር ጽፈዋል። የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የሆለታ ልጅ ደግሞ ወደ ማሳው ላለመሄድ ሰበብ የለውም። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ደጃችሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው «ጉዳኔ»ና በ2009 የተለቀቀው «በለጠ» የድንች ዝርያዎች የወጡት ከዚያ ነው። አንድ ዝርያ ገበሬ እጅ ከመድረሱ በፊት ለዓመታት፣ በተለያየ ቦታ፣ ከነባሩ ዝርያ ጎን ተተክሎ ይመዘናል፤ ከዚያም ገምጋሚዎች አይተው ይፈቅዳሉ። የናንተም ሥራ እንዲሁ ይመዘን፤ ከተሠራበት ክፍል ውጭ፣ አሁን ሰዉ ከሚጠቀምበት አሠራር ጎን ለጎን። ከተማችሁ የንብ ምርምር ማዕከልም አለው። የሙከራ መዝገቡ በምን ይያዛል? በወረቀት፣ በኤክሴል፣ ወይስ በዳታቤዝ? የአሥር ዓመት መረጃ በአንድ ቀን ይገኛል? ሄዳችሁ ጠይቁ። ከጥያቄው ቴሲስ ይወጣል።

ጤና ጣቢያም ብትሄዱ እንዲሁ ነው። ጤና ተቋሞቻችን ሪፖርት የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚሠራው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ነው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1994 ደቡብ አፍሪካ ሲጀመር አንሥቶ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች በየአገሩ ጤና ጣቢያ እየተቀመጡ፣ መዝገብ ከሚሞሉት ሠራተኞች ጋር እየተነጋገሩ አሳድገውታል። በአሥራ ሦስት ወር የሚቆጥር አገር ወርኃዊ ሪፖርት ሲያወጣ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላትን ጳጉሜን የት ያስገባታል? ይህን የሚጠይቅ ከውጭ አይመጣላችሁም፤ የናንተ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሥሩ። የሌላ ሰው አሮጌ ኮድ ተረክባችሁ አስታምሙ፤ ዓርብ ማታ ሲስተም ሲወድቅ ስልካችሁ ይጮህ። ከዚያ በኋላ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ሲነሣችሁ ግቡ። ደመወዝ ለማስጨመር ብቻ ከሆነ የምታስቡት፣ ቀጣሪዎች ከዲግሪው ይልቅ የሠራችሁትን ያያሉና ገንዘባችሁን አታባክኑ። ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ወይም ምርምር ውስጥ መግባት ለሚፈልግ ግን ማስተርስ የግድ ነው፤ እሱ ቶሎ ይጀምር፣ ጥያቄውን ግን እሱም አይርሳ።

ቦታውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሂልኮም በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ያስተምራሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ አለው። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለና ተዘጋጁ። መንገዱንም አስሉት። ከሆለታ በቡራዩ አድርጎ አስኮ የደረሰ ሰው፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለመድረስ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ወደ ቂሊንጦ ማቋረጥ አለበት። በየቀኑ ከተመላለሳችሁ የምታነቡበት ሰዓት ታክሲ ውስጥ ያልቃል፤ ክፍል ተከራይታችሁ በጋራ መኖር ይሻላል። ውጭ ለመሄድ የምታስቡ የኤራስመስ ሙንደስን ዕድሎችና የካርኔጊ ሜለንን የኪጋሊ ካምፓስ ተመልከቱ፤ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ አለው። እዚያም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ምን ማጥናት እንደምትፈልጉና ለምን እንደሆነ ነው።

ከትምህርት ቤቱ ስም ይልቅ አድቫይዘራችሁን ምረጡ። ከመመዝገባችሁ በፊት የጻፉትን አንብቡ፤ ቀድመው ያስመረቋቸውን ተማሪዎች ፈልጋችሁ «ረቂቅ ስትሰጣቸው በስንት ቀን ይመልሱልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ።

በየካምፓሱ ደጅ፣ በኤሌክትሪክ ምሰሶና በፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ «ፕሮፖዛልና ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፎ ታያላችሁ። አትደውሉ። ገንዘብ ከፍሎ ያሠራ ሰው ዲግሪውን ቢያገኝም ሙያውን አላገኘም፤ ነገ የሆስፒታል ወይም የባንክ ሲስተም በእጁ ሲሰጠው የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። ይህን ከልቤ ነው የምለምናችሁ።

አሁን አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት ወደ ምርምር ማዕከሉ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ወደምትሠሩበት መሥሪያ ቤት ሂዱና ሰዎቹ ሲሠሩ ተቀምጣችሁ እዩ። ያገኛችሁትን ችግር፣ ማንን እንደሚጎዳ፣ እስካሁን ምን እንደተሞከረና መፍትሔ መገኘቱ በምን እንደሚታወቅ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ አድቫይዘር ለማነጋገር ስትሄዱ ያንን ገጽ ይዛችሁ ሂዱ። ገጹ አልሞላ ካላችሁ ዘንድሮ አትመዝገቡ፤ ሥራ ፈልጉ።